ስለ ባጃጅ ሸራና ስለ ፊት መስታወቱ መጋጠሚያ

በሐዋሳ ከተማ ከጅምላ መደብር ወደ ችርቻሮ ሱቅ የሚላከው ስኳር፥ ዱቄት፥ ጨርቃ ጨርቅና የጽሕፈት መሣሪያ ብዙ ጊዜ በባጃጅ ይጫናል። ዝናብ በያዘ ቀን ግን ዕቃው ከሱቁ ደጅ ሲደርስ ከረጢቱ ርሶ፥ ካርቶኑም ላልቶ ይገኛል። በዚህ ምክንያት ባለዕቃው ከባለባጃጁ ጋራ ይጣላል፤ ባለባጃጁ ሸራውን የሸጠለትን ባለሱቅ ይወቅሳል፤ ባለሱቁም ወቀሳውን ወደ አስመጪው ያሻግራል። ነገሩ በጥንቃቄ ሲመረመር ግን ውሃው የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በጨርቁ መካከል ሳይሆን፥ ሸራው ከፊት መስታወቱ ክፈፍ ጋራ በሚጋጠምበት ጠርዝ ነው።

ችግሩ የሐዋሳ ብቻ አይደለም። የኢጣልያው ፒያጆ ኩባንያ «አፔ» የተባለችውን ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 አወጣ፤ የህንዱ ባጃጅ ኩባንያም በፒያጆ ፈቃድ ይህንኑ ዐይነት ሠራ፤ ስሙም በአገራችን የተሽከርካሪው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በእንግሊዝ አገርም በ1957 የወጣችው «ሎተስ ሰቨን» የተባለች ትንሽ መኪና፥ ገዢው በቤቱ እንዲገጣጥማት ተፈታታ ትሸጥ ነበር፤ ጣራዋም ሸራ ነበረ። ለስላሳ ጨርቅ ከጠንካራ ክፈፍ ጋራ በሚጋጠምበት ስፍራ ሁሉ፥ ጥንቃቄ ከጎደለ ክፍተት መኖሩ አይቀርም።

ባጃጁ ቆሞ ሳለ ዝናቡ ከላይ ወደ ታች ይፈሳል። በሚጓዝበት ጊዜ ግን ከፊት የሚመጣው ነፋስ ውሃውን እየገፋ በሸራው ጠርዝ ሥር ያስገባዋል። ስለዚህ በቆመበት ውሃ ከላይ በማፍሰስ ብቻ የተፈተነ ሸራ፥ ደኅና መስሎ ታይቶ በመንገድ ላይ ባለቤቱን ያሳፍራል። ፈተናው እውነተኛ የሚሆነው ውሃው በጎማ ቱቦ ከፊት ለፊት ወደ መጋጠሚያው ሲረጭ ነው።

በአገጣጠሙ ረገድ ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ የሸራው ጠርዝ ከክፈፉ ውጭ ወርዶ እንደ ቤት ክዳን ይደርብ እንጂ ወደ ውስጥ አይታጠፍ። ወደ ውስጥ የታጠፈ ጠርዝ ውሃውን እየመራ በሹፌሩ ጉልበት ላይ ያፈስሰዋል።

ሁለተኛ፤ በሸራውና በክፈፉ መካከል ለስላሳ የጎማ ጥብጣብ ከዳር እስከ ዳር ሳይቆራረጥ ይግባ። ነፋስ የሚገፋውን ውሃ የሚያግደው ይህ ጎማ ነው።

ሦስተኛ፤ ማያያዣ ቁልፎቹ ሲመቱ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በየተራ ይኬድ። ከአንድ ዳር የተጀመረ እንደ ሆነ ጨርቁ ወደ ሌላው ዳር ተስቦ ይጨማደዳል፤ እያንዳንዱ ጭምድድም ለውሃ መንገድ ይሆናል።

አራተኛ፤ በፕላስቲክ የተለበጠ ሸራ ፀሓይ ሲመታው ይለሰልሳል፥ ሲቀዘቅዝም ይኰማተራል። በማለዳ ብርድ የተለካ ሸራ እኩለ ቀን ላይ ስለሚረግብ፥ ሥራው ፀሓይ ከሞቀ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

አምስተኛ፤ ክፈፉ በተበሳበት ስፍራ ቀለሙ ስለሚላጥ፥ ብሎኑ ከመግባቱ አስቀድሞ ቀዳዳው ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ። ከዛገ ክፈፍ ላይ ቁልፉ ተነቅሎ ይወድቃል።

ስፌቱም ከዚህ የሚያንስ ጉዳይ አይደለም። መርፌው የወጋው ቀዳዳ ሁሉ የውሃ በር ስለ ሆነ፥ ጠርዙ ተደርቦ ይሰፋ፤ በስፌቱም ላይ የንብ ሰም ይታሸት። ክሩን በሚመለከት የጥጥ ክር በእርጥበት ይበሰብሳል፥ የናይለን ክርም በፀሓይ ይደክማል፤ የፖሊስተር ክር ግን ፀሓይን ከናይለን ይልቅ ይችላል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች ፀሓይዋ ብርቱ ነው፤ ዝናቧም ከመጋቢት እስከ መስከረም ስለሚዘልቅ ሸራው በሁለቱም ይፈተናል። የተለበጠውን ሸራ በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ ማጠብ ግን ማለስለሻውን አውጥቶ ስለሚያደርቀውና ስለሚሰነጥቀው፥ በሳሙናና በውሃ ማጠብ ይበቃል።

ከዚህ በመነሣት አስመጪው ሸራን በሜትር ዋጋው ብቻ ሊመርጥ አይገባውም፤ ልባጡ ስንት ጊዜ ሲታጠፍ እንደማይሰነጠቅ በናሙና ይፈትን። ባለሱቁም ሸራውን፥ የጎማ ጥብጣቡን፥ የፖሊስተር ክሩንና የማይዝግ ቁልፉን በአንድነት ቢያቀርብ፥ ገዢው አንዱን ይዞ ሌላውን ትቶ አይሄድም፤ ሸራውም በማያጠፋው ጥፋት ተወቅሶ አይመለስበትም። ጎማውና ክሩ ከሸራው ዋጋ ጋራ ሲነጻጸሩ ጥቂት ወጪ ናቸው፤ አንድ ከረጢት ስኳር ቢርስ ግን ኪሳራው ከሁለቱም ይበልጣል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፥ መጋጠሚያውን መመርመር የሚገባው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ነው።