የኢራናውያን ማጀት፦ ድንጋይ፣ ሸክላና መዳብ

ዲዚ የተባለውን የሥጋ ወጥ በሚያቀርቡ የኢራን ምግብ ቤቶች ለእያንዳንዱ ተመጋቢ የራሱ ትንሽ ማሰሮ ይቀርብለታል። የበግ ሥጋ፣ ሽንብራ፣ ነጭ ባቄላ፣ ድንችና የደረቀ ሎሚ ለሰዓታት ሲንተከተኩበት የቆየ ማሰሮ ነው። ተመጋቢው መጀመሪያ መረቁን ወደ ሳህን ያንቆረቁርና ዳቦ ይፈተፍትበታል። የቀረውን ደግሞ እዚያው ማሰሮው ውስጥ በመጨፍለቂያ አድቅቆ ለብቻው ይበላዋል። አንድ ዕቃ ማብሰያም፣ ማቅረቢያም፣ መውቀጫም ሆነ ማለት ነው።

የዲዚ ማሰሮ ከሸክላ ወይም ከድንጋይ ይሠራል። በድንጋዩ ስሟ የገነነው በሰሜን ምሥራቅ ያለችው መሽሃድ ናት። ጠራቢዎቿ የሚመርጡት ለስላሳውንና በቀላሉ የሚፈለፈለውን ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለው ማሰሮ ቀስ ብሎ ይግላል፤ አንዴ ከጋለ ግን ከእሳት ወርዶም ቶሎ አይበርድም።

በካስፒያን ባሕር ዳርቻ፣ በጊላን፣ ሙያው የሸክላ ነው። ገማጅ የሚባለው ድስት ውስጡ የሚያብረቀርቅ ቅብ ስላለው ኮምጣጣ ወጥ አያስፈራውም። ከዎልነትና ከሮማን የሚሠራው ፌሴንጃን ይበስልበታል። አንዳንድ ባለሙያዎች ወጡ እንዲጠቁር የጋለ የፈረስ ጫማ ብረት ጣል ያደርጉበታል፤ ብረቱ ከሮማኑ ጋር ሲገናኝ ቀለሙ ይጠቁራል። በሸክላ ሥራ የታወቀችው ደግሞ በሐማዳን ግዛት ያለችው ላሌጂን ናት፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም ዕደ ጥበባት ምክር ቤት የዓለም የሸክላ ከተማ ብሏታል።

ለድግስና ለሙሃረም የስለት ምግብ ትልልቁ የመዳብ ድስት ይጣዳል። መዳብ ሙቀት ያዳርሳል፤ ኮምጣጣ ምግብ ሲነካው ግን ይመርዛል። ለዚህ ነው ውስጡ በቆርቆሮ የሚለበጠው። ለባጩ ድስቱን ፈትጎ ያጠራል፣ ፍም ላይ ያግለዋል፣ ከዚያ በ232 ዲግሪ የሚቀልጠውን ቆርቆሮ ሳይረጋ በጥጥ እያሸ ያዳርሰዋል። ልባጡ ሲያልቅ ድስቱ ተመልሶ ወደ እሱ ይመጣል።

ሩዝ የራሱ ወግ አለው። ግማሽ ከበሰለ በኋላ በማጥለያ ይጠለላል፤ ከዚያም ዘይት ወደፈሰሰበት ድስት ተመልሶ በጨርቅ በተጠቀለለ ክዳን ይታፈናል። ጨርቁ እንፋሎቱን ስለሚመጥ ውኃው ሩዙ ላይ አይንጠባጠብም። ከሥር ወርቃማ ሆኖ የሚጠበሰው ታዲግ እንግዶች የሚሻሙበት ነው፤ ቢሻሙም አይፈረድባቸውም።

የኤሌክትሪክ ማብሰያ እንኳ ለዚህ ልማድ እጁን ሰጥቷል። ለኢራን ገበያ የሚሠራው ማብሰያ ታዲጉ ምን ያህል እንዲቀላ የሚወሰንበት መቆጣጠሪያ አለው፤ ሩዙ ሲደርስም ድስቱን ሳህን ላይ መገልበጥ ብቻ ነው የሚቀረው።