ሰባት ቤት የማያግደው የዘር ካንሰር

ካንሰር፣ በቀድሞው አጠራር ነቀርሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዘር የሚመጣ ሕመም አይደለም፤ ከመቶ ታማሚዎች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ግን ከወላጅ የተወረሰ የዘረመል ጉድለት መነሻ ሆኖ ይገኛል። ዘረመል ሴል እንዴት እንደሚሠራና መቼ መራባቱን እንደሚያቆም የሚወስን፣ አንዱ ቅጂው ከአባት ሌላው ከእናት የሚገኝ የውርስ መመሪያ ነው። የሚወረሰውም ተጋላጭነቱ እንጂ ካንሰሩ ራሱ አይደለም።

ሰፋ ያለ ማብራሪያ የሚያሻው ግን ስለ ዘር ቆጠራ ያለው እምነት ነው። በጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲላክ በእናትም በአባትም በኩል ዘር ይቆጠራል፤ ሰባት ቤት ሳይሞላ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ከዚህም የተነሣ፣ ዘር ቆጥሮ የሚጋባን ሰው የዘር በሽታ አያገኘውም የሚል እምነት አለ። እምነቱ ግማሹ እውነት ነው፤ እውነት የሆነው ግማሽም የሚገባውን ምስጋና አላገኘም።

ቆጠራው የሚቀንሰው፣ ለመታየት ሁለቱም ቅጂዎች መበላሸት ያለባቸውን ሕመሞች ነው። ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም የተባለው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ፀሐይ በቆዳ ሴል ዘረመል ላይ የምታደርሰውን ጉዳት የሚጠግን አሠራር በሰውነት ውስጥ አለ፤ ተመራማሪው ጄምስ ክሊቨር በ1968 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በዚህ ሕመም የተያዙ ሰዎች ይህ ጥገና ይጎድላቸዋል። የሕፃኑ ፊትና ክንድ ገና በጨቅላነቱ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላውም የቆዳ ካንሰር ሊይዘው ይችላል፤ የፀሐይ ጨረር በሚበረታበት ደጋ ከብት ሲጠብቅ ለሚውል ልጅ ደግሞ አደጋው የከፋ ነው። አንድ የተበላሸ ቅጂ ብቻ የያዙ ወላጆች ጤነኞች ናቸው፤ ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲጋቡ ግን በየእርግዝናው ሕመሙ የመከሰት ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። የተበላሸው ቅጂ ከአንድ ትውልድ ወደ ቀጣዩ የመውረድ ዕድሉ ግማሽ ስለሆነ፣ በአንድ የዘር መስመር ሰባት ትውልድ ሲወርድ ከ128 አንድ ብቻ ይቀራል። የጥንት ሽማግሎች ይህን ስሌት ሳያውቁ ለስሌቱ የሚስማማ ሥርዓት ይዘው ኖረዋል።

ቆጠራው የማይነካው ግን አንድ የተበላሸ ቅጂ ብቻ የሚበቃውን ሕመም ነው። የዚህ ዓይነቱን ጉድለት የያዘ ሰው ዘመዱን ቢያገባም ከወለጋ ማዶ ባዳ ቢያመጣም፣ እያንዳንዱ ልጁ ጉድለቱን የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። በሕፃናት የዐይን ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚነሣው ሬቲኖብላስቶማ አንዱ ነው፤ ከታማሚዎቹ 40 በመቶ ያህሉ በዘር ሊተላለፍ የሚችለውን ዓይነት ይይዛሉ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በቤተሰባቸው የመጀመሪያ ናቸው። ሐኪሙ አልፍሬድ ክኑድሰን በ1971 እ.ኤ.አ. የ48 ሕፃናትን መረጃ መርምሮ፣ ካንሰሩ እንዲነሣ ሁለት ምት፣ ማለትም ሁለት የዘረመል ጉዳት፣ እንደሚያስፈልግ፣ በዘር በሚመጣው ግን የመጀመሪያው ምት ከልደት በፊት እንዳረፈ አስረዳ። ማታ የመብራት ብርሃን ሲያርፍበት የልጁ ብሌን እንደ ድመት ዐይን ነጭ ሆኖ ያበራል። ይህን «ሞራ ነው፣ ሲያድግ ይለቀዋል» እያሉ ወራት ማሳለፍ ዐይኑን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱንም ሊያሳጣ የሚችል ቸልተኝነት ነው።

ቢ.አር.ሲ.ኤ. የሚባሉት፣ ለጡትና ለእንቁላል ዕጢ ካንሰር የሚያጋልጡት ጉድለቶችም በአንድ ቅጂ የሚወረሱ ናቸው፤ የጡት ነገር በመሆኑ ብቻ ከእናት ወገን ይመጣሉ ተብሎ መታሰቡ ስሕተት ነው፤ ከአባትም በእኩል ይወርዳሉ። ጎጃሜ ይህን ለመረዳት ሊቸግረው አይገባም፤ አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆበን በጎጃሙ ደጋ ዳሞት አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ ርስት በአባትም በእናትም የሚጠየቅ መብት ነበርና። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስቱ ቢቀርም ዘር የመቁጠሩ ሙያ አልጠፋም። ሐኪም ቤት ውስጥ ግን ጠያቂው «በቤተሰብ ካንሰር አለ?» ብሎ «የለም» ሲባል ያልፋል፤ በአባትና በእናት ወገን ማን በስንት ዓመቱ በምን እንደሞተ አንድ በአንድ ቢያስቆጥር ኖሮ፣ ካንሰር የለም ያለችው ሴት የአባቷ እኅት በአርባ ዓመቷ ጡቷ ቆስሎ መሞቷን ትነግረው ነበር።