ያውቁ ኖሯል? ድጎማው ትምህርት ቤት ደረሰ፤ ልጁ ጋስ?

በአዊ ዞን በጥሊሊም ሆነ በሌላ ቦታ፣ ወረዳ ለትምህርት የሚይዘው በጀት አብዛኛው በደመወዝ እንደሚያልቅ ያውቁ ኖሯል? ጠመኔው፣ እግሩ የወለቀው ኮምባይንድ ዴስክ ጥገና፣ የክፍሉ በር ቁልፍ ከተረፈው ነው፤ ከተረፈ።

ክፍተቱን ለመድፈን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፉ የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል ለየትምህርት ቤቱ ድጎማ መላክ ተጀመረ። ስሌቱ በዋናነት የተማሪ ቁጥር ነው። ቁርስ ሳይቀምስ የመጣውና የባለ ሱቁ ልጅ እኩል ይቆጠራሉ።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ልጆቹ ግን ክፍል ውስጥ ነበሩ።

መጽሐፍ በነጻ ማደልስ? በምዕራብ ኬንያ ተሞክሮ ውጤቱ የተሻሻለው ቀድሞም ጎበዝ ለነበሩት ብቻ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ለብዙዎቹ ልጆች ደግሞ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። የአዊ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይሻም። በዞኑ አዊኛ የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ መሆኑ የባህል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲወራ እሰማለሁ፤ እኔ ግን የበጀት ጉዳይም ነው እላለሁ። ልጁ የማይገባው መጽሐፍ ታትሞም፣ ተጓጉዞም፣ ታድሎም ኪሳራ ነው።

በሕንድና በዛምቢያ ድጎማ እንደሚመጣ አስቀድመው ያወቁ ወላጆች ለልጆቻቸው ትምህርት ከኪሳቸው የሚያወጡትን ቀነሱ። የልጆቹ የፈተና ውጤትም ባለበት ቀረ። ማን ይፈርድባቸዋል?

በታንዛኒያ 350 ትምህርት ቤቶችን ያካተተ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ገንዘብ ብቻ የተሰጣቸው ለውጥ አላሳዩም፤ ገንዘቡ ከመምህራን ማበረታቻ ጋር ሲጣመር ግን የተማሪዎቹ ውጤት ከፍ አለ።

ገንዘብ ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። በአሜሪካ ለ12 ዓመት ሳያቋርጥ የ10 ከመቶ ጭማሪ ባገኙ ትምህርት ቤቶች የተማሩ የደሃ ልጆች፣ አድገው ሥራ ሲይዙ ደመወዛቸው በ10 ከመቶ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። ለአንድ የበጀት ዓመት መጥቶ ለሚቋረጥ ገንዘብ ይህ አይሠራም።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ነበሩ። ጥፋቱን በ12ኛ ክፍል መምህር ላይ የሚከምር የ2ኛ ክፍሉን ንባብ ረስቷል።

ደግሞስ፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) በትምህርት ቤት ድጎማው አጠቃቀም ላይ ድምፅ እንዳለው ያውቁ ኖሯል? «ዘንድሮ ስንት ገባ? ምን ተገዛበት?» ብሎ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው።