በታተመ ሰነድ ውስጥ ተሰውሮ ስለሚቀር ጽሑፍና ስለ ኀላፊነቱ

ለሕዝብ ዘር የሚያከፋፍል ሰው ከረጢቱን ከመስፋቱ አስቀድሞ ስንዴውን በሰፌድ አበጥሮ እንክርዳዱን መልቀም ይገባዋል። እንክርዳድ ከስንዴው ጋር ተቀላቅሎ ቢወጣ ገበሬው የሚያውቀው ቡቃያው አድጎ ካፈራ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም የሚጠየቀው ከረጢቱን አሽጎ የላከው እንጂ አምኖ የተቀበለው አይደለም። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ በኮምፒዩተር እየተጻፈ በኢንተርኔት የሚወጣው ሰነድም ነገሩ እንደዚሁ ስለ ሆነ፥ ሹማምንትና የእርሻ ባለቤቶች ሁሉ ልብ እንዲሉት ጥቂት መግለጥ አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ጽሑፍ በወረቀት ብቻ በነበረበት ዘመን የተሰረዘ ቃል ንጹሕ ግልባጭ ሲጻፍ ይቀር ነበር። በኮምፒዩተር የተጻፈ ሰነድ ግን ለዓይን ከሚታየው ገጽ በታች ሌላ ማኅደር አለው። በዚህም ማኅደር የጸሐፊውና የመሥሪያ ቤቱ ስም፥ የተጻፈበት ቀንና ሰዓት፥ በኅዳግ የተሰጠ አስተያየት ይገኛል፤ የእርማት መመዝገቢያው ተከፍቶ ከነበረም የተሰረዘውና የተጨመረው ቃል ከአራሚው ስም ጋር ተጽፎ ይቈያል። ይህ ሁሉ በሥራ ጊዜ ለጸሐፊዎች እጅግ ይጠቅማል፤ ጕዳት የሚሆነው ሰነዱ ሳይበጠር ለሕዝብ የወጣ እንደ ሆነ ነው።

ምሳሌው ከውጭ አገር ብዙ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. በየካቲት ወር የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር መሥሪያ ቤት ስለ ኢራቅ ያዘጋጀውን ሰነድ በማይክሮሶፍት ወርድ ፋይል በኢንተርኔት አወጣ። የካምብሪጅ መምህር ግሌን ራንግዋላ ብዙው ክፍል ከአንድ ተማሪ የምርምር ጽሑፍ የተገለበጠ መሆኑን ገለጠ። ቈይቶም ሪቻርድ ስሚዝ የተባለ የአሜሪካ የኮምፒዩተር ዐዋቂ ፋይሉን መርምሮ፥ መጨረሻ የተደረጉትን ዐሥር ምዝገባዎች ሰነዱን ካዘጋጁት ሠራተኞች ስም ጋር አገኘ። የምክር ቤቱም ኮሚቴ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ስለነዚህ ሰዎች ሥራ ጠየቀ። ሰነዱን ያወጣው መሥሪያ ቤት ሳያስበው የገዛ ምስክሩን በገዛ እጁ ሰጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ነው። በ2005 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጀርመናዊው ዐቃቤ ሕግ ዴትሌቭ ሜህሊስ የሊባኖስ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ራፊቅ ሐሪሪ ስለ ተገደሉበት ነገር ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዘገባ አቀረቡ። በአንድ ምስክር ቃል ብቻ የተጠቀሱ የታላላቅ ሰዎች ስሞች ከዘገባው ወጥተው ነበር፤ ነገር ግን በተሠራጨው ፋይል ውስጥ እርማቱ ተመዝግቦ ስለ ነበረ የተሰረዙት ስሞች በዓለም ሁሉ ተነበቡ። ሜህሊስ ስሞቹን ያወጡት ዘገባው ለሕዝብ እንደሚገለጥ ባወቁ ጊዜ፥ ያልተፈረደበት ሰው እንደ ንጹሕ ይቈጠራል በማለት እንደ ሆነ ተናገሩ። ምክንያታቸው መልካም ቢሆንም፥ ሊጠበቅ የታሰበው መብት አልተጠበቀም፤ በዘገባውም ላይ ጥርጣሬ ተነሣ።

ሦስተኛው በ2023 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በሰሜን አየርላንድ ፖሊስ የደረሰው ነው። ለአንድ ጥያቄ መልስ እንዲሆን በወጣ የሰንጠረዥ ፋይል ውስጥ ተሰውሮ በቀረ ገጽ የ9,483 ፖሊሶችና ሠራተኞች የአባት ስም፥ ማዕርግና የሥራ ቦታ ተገለጠ። ፖሊስ መሆን ለሕይወት በሚያሠጋበት አገር ይህ ስሕተት ለብዙ ቤተ ሰብ ፍርሃት አመጣ። የአገሪቱ የመረጃ ተቈጣጣሪ በ2024 ዓ.ም. 750,000 ፓውንድ መቀጫ የጣለው በመሥሪያ ቤቱ ላይ ነው።

እንግዲህ ኀላፊው ማነው? አንዳንዱ መሣሪያውን የሠራውን ኩባንያ ይወቅሳል፤ ይህም በመጀመሪያው ዘመን ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በወርድ ውስጥ የተሰወረውን የሚመረምርና የሚያስወግድ መሣሪያ ስላለ፥ አላወቅሁም ማለት ዛሬ አያድንም። ሌላው በጸሐፊው ያሳብባል፤ ጸሐፊው ግን ያልተማረውን ሊሠራ አይችልም። ማኅተሙ የማን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ይቀልላል፤ ሰነዱ እንዲወጣ የፈቀደው ሹም ለሚታየው ብቻ ሳይሆን ለተሰወረውም ኀላፊ ነው። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ስለ ወጣ፥ ይህ የሕግም ግዴታ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። የማዳበሪያ ተቀባዮችን ድምር ብቻ የሚያሳይ ሰንጠረዥ በተሰወረ ዓምድ የየገበሬውን ስም፥ ስልክና የመሬት ስፋት ይዞ ቢወጣ፥ ጕዳቱ የሚደርሰው በገበሬው ላይ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን መፈጸም ይጠቅማል።

1ኛ/ ዋናው ሰነድ ሳይነካ በመዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ የሚጠራው ለሕዝብ የሚወጣው ግልባጭ ብቻ ነው። ለምርመራ የሚያስፈልገውን ማጥፋት ማጥራት አይባልም።

2ኛ/ በግልባጩ ላይ እርማቱ ሁሉ ይጽደቅ ወይም ይሰረዝ፥ የኅዳጉም አስተያየት ይጥፋ፤ ከዚያ በኋላ በመመርመሪያው መሣሪያ ይፈተሽ።

3ኛ/ ምስጢር የሆነውን ቃል በጥቁር ቀለም መሸፈን አይበቃም። በ2005 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር ስለ ጣሊያናዊው መኰንን ኒኮላ ካሊፓሪ መገደል ባወጣው የፒዲኤፍ ዘገባ፥ የተሸፈነው ጽሑፍ ገልብጦ በማስፈር ብቻ ተነቧል። ቃሉ ፈጽሞ ይጥፋ፥ በስፍራውም «ተሰርዟል» ተብሎ ይጻፍ።

4ኛ/ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ብቻውን ያጠራል ብሎ መታመን አይገባም።

5ኛ/ ሰነዱን ያላዘጋጀ ሁለተኛ ሰው ሳያየው አይውጣ።

ይህ ሥራ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው። የወጣ ሰነድ ግን እንደ ተዘራ ዘር ነው፤ ከተበተነ በኋላ ለቅሞ ወደ ከረጢት የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ከማሸጉ በፊት የሚያበጥር ሹም ራሱንም ሕዝቡንም ያድናል።