ዝቅተኛ ቁጥር ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም

ሄሞፊሊያ ደም በወጉ እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቤተሰብ የሚወረስ ሕመም ነው። በብዛት የሚታየው ሄሞፊሊያ ኤ ሲሆን፣ ከሚወለዱ 5,000 ወንዶች ገደማ አንዱን ያጠቃል። ሕመምተኛው የጎደለውን ፋክተር 8 የተባለ ፕሮቲን በደም ሥሩ ሲወስድ መድማቱ ይቆማል። አንዳንዴ ግን ሰውነት መድኃኒቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ሐኪሞች ይህን “ኢንሂቢተር” ይሉታል። ያን ጊዜ ትናንት የሠራው መርፌ ዛሬ አይሠራም።

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ አለበት። እህቴ ለእረፍት ወደ አዲስ አበባ ልትወስደው ስታስብ፣ “አንተ ቁጥር ታውቃለህ፤ ይሄ ነገር የት አገር ነው የሚበዛው?” አለችኝ።

በጥናቶች መሠረት፣ ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ ኖሮባቸው ሕክምና ከሚጀምሩ ልጆች ከ25 እስከ 30 በመቶ በሚሆኑት ላይ ኢንሂቢተር ይፈጠራል። ከአገር አገር የሚቀርቡት ቁጥሮች ግን በጣም ይለያያሉ፤ ሕክምና በማይዳረስባቸው አገሮች የሚመዘገበው ጥቂት ሊሆን ይችላል።

በእኔ ሥራ አንድ ሰርቨር ምንም ስህተት ካልመዘገበ፣ ወይ ጤነኛ ነው፣ ወይ መዝጋቢው ራሱ ቆሟል። እዚህም እንዲሁ ነው።

አንደኛ፣ ኢንሂቢተር የሚመጣው ከመድኃኒቱ ጋር በመገናኘት ነው። አብዛኛውን ጊዜም የሚከሰተው መድኃኒቱ በተወሰደባቸው የመጀመሪያዎቹ 50 ቀናት ውስጥ ነው። ፋክተር አግኝቶ የማያውቅ ልጅ ከቁጥሩ ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ምርመራ ያስፈልጋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ኢንሂቢተር የሚለካው በቤቴስዳ ዩኒት ነው። ላቦራቶሪው ከሌለ፣ ቤተሰቡ የሚያውቀው “መርፌው አልሠራለትም” የሚለውን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ቆጠራው በሕይወት ያሉትን ነው። ሳይታወቅለት ደም ፈሶት ያረፈ ልጅ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ የለም።

ይህ ማለት እውነተኛ ልዩነት የለም ማለት አይደለም። የዘር ለውጡ ዓይነትና የቤተሰብ ታሪክ ለውጥ ያመጣሉ። በአሜሪካ በጥቁሮች ላይ ኢንሂቢተር በብዛት እንደሚታይ ጥናቶች አሳይተዋል። የመድኃኒቱም ዓይነት ሚና አለው፤ በ2016 የታተመውና ሲፔት የተባለው ጥናት፣ ከሰው ደም የተዘጋጀ ፋክተር በወሰዱ ልጆች ላይ 26.8 በመቶ፣ በላቦራቶሪ በተሠራው ደግሞ 37.3 በመቶ ኢንሂቢተር አግኝቷል።

ስለዚህ ለእህቴ የአገር ስም አልነገርኳትም። ይልቅ ለሐኪሙ የምታቀርባቸውን ጥያቄዎች አብረን ጻፍን፦ ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረው መቼ ነው? ከጉዞ በፊት ይደገም ወይ? መድኃኒቱ በመንገድ ላይ እንዴት ይቀዘቅዛል? እዚያ ቢደማ የትኛው ሆስፒታል ሊረዳው ይችላል? ኢንሂቢተር ቢገኝበትስ ምን አማራጭ አለ? አማራጭ አለና፤ ከቆዳ ሥር የሚወጋው ኤሚሲዙማብ ኢንሂቢተር ላለባቸው በአሜሪካ የተፈቀደው በ2017 ነው።

እናንተም በቤተሰባችሁ ሄሞፊሊያ ካለ፣ የተለመደው መጠን መድማቱን ማቆም ሲያቅተው መጠን እየጨመራችሁ አትጠብቁ። ፈጥናችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱና የኢንሂቢተር ምርመራ ይደረግ በሉ።