የምርምር ሰው ሥራ በቁጥር ሲለካ

ባለፈው መንፈቅ ለማሟያ ጽሑፋችን አርእስት በምንመርጥበት ጊዜ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በጓደኞቼ መካከል ክርክር ተነሣ። ክርክሩም «ከመምህራኖቻችን ይበልጥ አዋቂው ማን ነው?» የሚል ነበር። አንደኛው ተማሪ በኮምፒዩተር ላይ የየመምህሩን ስም እየጻፈ፣ ሥራቸው በሌሎች ጸሐፊዎች ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሰ ያነብልን ጀመር። የባዮሎጂው መምህር ቁጥር በሺሕ፣ የግዕዙ መምህር ግን በዐሥር የሚቈጠር ሆኖ ስለ ተገኘ፣ የግዕዝ መጻሕፍትን ለማጥናት ባሰብሁት በእኔ ላይ ተሣቀብኝ። ይህ ጽሑፍ በዚያን ቀን ልመልሰው ያልቻልሁትን ጥያቄ ለመመርመር የቀረበ ነው። በውስጡ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

፩. ዋቢ መቍጠር እንዴት ተጀመረ

ተሟጋች ነገሩን በምስክር እንደሚያጸና፣ የምርምር ጸሐፊም ከእርሱ በፊት የተጻፈውን ዋቢ በማድረግ ቃሉን ያጸናል። እነዚህን ዋቢዎች ሰብስቦ በማውጫ መልክ ለማዘጋጀት በ1955 ዓ.ም. ሐሳብ ያቀረበው ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ይኸው ሰው በፊላዴልፊያ ባቋቋመው ድርጅት አማካይነት በ1964 ዓ.ም. የሳይንስ ዋቢ ማውጫን በየጊዜው ማሳተም ጀመረ። ዋናው ዓላማ ተመራማሪው በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፈውን በቀላሉ እንዲያገኝ ለመርዳት ነበር እንጂ፣ ሰውን ከሰው ለማበላለጥ አልነበረም። ይሁን እንጂ የተሰበሰበ ነገር መቈጠሩ አይቀርምና፣ ማውጫው ቀስ በቀስ ለዕድገትና ለምርምር ገንዘብ የሚወዳደሩ ሰዎች መመዘኛ ሆነ።

በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የሆነው ሆርሄ ሂርሽ፣ የጽሑፍን ብዛትና የመጠቀስን ብዛት በአንድነት የሚያሳይ መለኪያ አወጣ። ይህም የኤች መለኪያ ይባላል። ለምሳሌ አንድ ሰው አምስት ጽሑፎች ቢኖሩትና እነርሱም 25፣ 9፣ 4፣ 2 እና 1 ጊዜ ቢጠቀሱለት፣ ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ የተጠቀሱ ሦስት ጽሑፎች አሉት፤ ቢያንስ አራት አራት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ጽሑፎች ግን የሉትም። ስለዚህ መለኪያው 3 ነው። አንድ ጽሑፍ ብቻ ጽፎ 1,000 ጊዜ የተጠቀሰለት ሰው ግን መለኪያው ከ1 አያልፍም።

ሂርሽ በዚያው ጽሑፉ ከፊዚክስ ሊቃውንት መካከል ኤድዋርድ ዊተንን በ110፣ ከሕይወት ሳይንስ ሊቃውንት መካከል ሰሎሞን ስናይደርን በ191 ከሁሉ በላይ አስቀምጧል። እንግዲህ ስናይደር ዊተንን በዕውቀት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል እንበልን? ሂርሽ ራሱ እንዲህ አላለም፤ በሕይወት ሳይንስ ቁጥሩ በጠቅላላው ከፊዚክስ ከፍ ያለ መሆኑን ገልጿል።

፪. ልዩነቱ ከየት ይመጣል

አንደኛ፣ የጽሑፍ ልማድ ይለያያል። የባዮሎጂ ጸሐፊ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ዋቢዎችን ሲደረድር፣ የሒሳብ ጸሐፊ በጥቂቶች ይበቃዋል። ብዙ በሚጠቅሱበት መንደር የሚኖር ብዙ ይጠቀሳል።

ሁለተኛ፣ የሠራተኛው ብዛት ይለያያል። በ2015 ዓ.ም. ሂግስ ስለተባለው ቅንጣት ክብደት የወጣው የፊዚክስ ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች ነበሩት። ጽሑፉ በተጠቀሰ ቍጥር ለእያንዳንዳቸው አንድ ይታሰብላቸዋል። አንድ የብራና መጽሐፍ መርምሮ የሚያሳትም ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይሠራል።

ሦስተኛ፣ አንዳንዱ ጽሑፍ እንደ መሣሪያ ያገለግላል። ኦሊቨር ላውሪና ባልደረቦቹ በ1951 ዓ.ም. ስለ ፕሮቲን አለካክ ያወጡት ጽሑፍ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። በዘዴው የተጠቀመ ሁሉ ስሙን መጥራት ስለሚገባው ነው።

አራተኛ፣ ሥራው የሚታተምበት መልክና ቋንቋ ይለያያል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በአሜሪካ በሚኒሶታ ሆነው፣ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡ የብራና መጻሕፍትን ዝርዝር የያዙ ብዙ ቅጾች አዘጋጅተዋል፤ በ1988 ዓ.ም. የማካርተር ሽልማት ተሰጥቷቸዋል፤ በ2021 ዓ.ም. ዐርፈዋል። እነዚህ ቅጾች የግዕዝን ሥነ ጽሑፍ ለሚያጠና ሰው የመጀመሪያ በር ናቸው። ነገር ግን በመጽሔት የወጣውን ብቻ የሚከተል ማውጫ ይህን ሥራ በሙሉ አያየውም፤ መስኩን የሚያጠኑትም ሰዎች በዓለም ላይ ጥቂቶች ናቸው።

፫. ታዲያ እንዴት ይነጻጸር

እህል በቁና፣ ጨርቅ በክንድ ይለካል። ስለዚህ ጽሑፉ መነጻጸር ያለበት በዚያው መስክና በዚያው ዓመት ከወጡት ጓደኞቹ ጋራ ነው። በሒሳብ መስክ አማካዩ 4 በሆነበት ዓመት 12 ጊዜ የተጠቀሰ ጽሑፍ አለ እንበል፤ ይህ የአማካዩ ሦስት እጥፍ ነው። በባዮሎጂ አማካዩ 20 ሆኖ 30 ጊዜ የተጠቀሰው ግን አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ነው። በጥሬው ሲታይ የሚያንሰው ቁጥር፣ በመስኩ ሲታይ በለጠ ማለት ነው።

ይህም ቢሆን የማንበብን ድካም አያስቀርም። ለመነቀፍም መጠቀስ አለና። ክትባትን ከኦቲዝም ጋራ ያገናኘው የ1998 ዓ.ም. ጽሑፍ በ2010 ዓ.ም. በአሳታሚው መጽሔት ተሽሯል፤ ስሕተቱን ለማሳየት ብዙዎች ጠቅሰውታልና፣ ቈጣሪው መሣሪያ ግን ነቀፋውን ከምስጋና አይለይም።

ስለዚህ ለጓደኞቼ የምመልሰው ይህ ነው። ሁለቱ መምህራን በአንድ ገበያ አልዋሉምና ቁጥራቸውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ፍርድ አይሆንም። ስለ እያንዳንዳቸው ልንጠይቅ የሚገባን፣ በየመስካቸው ከእነርሱ በፊት ያልታወቀ ምን እንዳሳወቁ ነው። ይህንም የሚያውቀው ሥራቸውን ያነበበ ሰው ነው። እኔም የማሟያ ጽሑፌን አርእስት አልለወጥሁም።