ተጨማሪ መረጃ፦ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በእንጉዳይ ላይ

በአንጋጫ ደጋ የስንዴና የገብስ ገለባ አይጠፋም፤ ገለባ ደግሞ ኦይስተር ለሚባለው እንጉዳይ ጥሩ ማብቀያ ነው። ገለባው መጀመሪያ በእንፋሎት ወይም በፈላ ውኃ መታከም አለበት። ይህ ከተጓደለ፣ የሚረጨው ውኃ ከቆሸሸ ወይም የለቃሚው እጅ ካልታጠበ ባክቴሪያ ይገባል።

እንጉዳይ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውኃ ነው፤ አሲድነቱም ዝቅተኛ ስለሆነ ባክቴሪያ ይመቸዋል። በላስቲክ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ የሰነበተውን ገልጣችሁ ተመልከቱ፦ ላስቲኩ አልቦታል፣ ቆቡ ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቷል፣ ሲነኩት ያሟልጫል። ይህ ብዙውን ጊዜ ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ ሥራ ነው። ሰው የሚያሳምሙት ሳልሞኔላና ሊስቴሪያ ግን የእንጉዳዩን መልክ ሳይለውጡ ሊኖሩበት ይችላሉ። ሊስቴሪያ ፍሪጅ ውስጥም ይራባል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ በሆነው የአሜሪካ ወረርሽኝ፣ ከኮሪያ በገባ ኢኖኪ እንጉዳይ ሳቢያ 36 ሰዎች ታመው 4ቱ ሞተዋል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ባክቴሪያ መድኃኒት መላመዱ ነው። ባክቴሪያዎች አንቲባዮቲክ የሚቋቋሙበትን ዘረመል ፕላስሚድ በተባለ ክብ ዲኤንኤ አማካይነት ለሌላ ዝርያ ጭምር ያቀብላሉ። ስለዚህ በምግብ የገባ፣ ራሱ የማያሳምም ባክቴሪያ እንኳ አንጀታችን ውስጥ ዘረመሉን ለበሽታ አምጪው ሊያስተላልፍ ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደ አሞክሳሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ መዋጥ መላመዱን ያባብሳል። ፔኒሲሊንን ከሻጋታ፣ ማለትም ከእንጉዳይ ዘመድ፣ ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ንግግሩ ስለዚሁ አደጋ አስጠንቅቆ ነበር።

እንጉዳዩ በደንብ ሲበስል ባክቴሪያው ይሞታል። ጥሬ እንጉዳይ የከተፈ ቢላ ሳይታጠብ ሰላጣ ከከተፈ ግን ማብሰሉ ብቻ አያድንም።